የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ጥርስ እንዴት እናክም?

ይህን የምጽፈው ለጥርስ ሐኪሞች፣ ለነርሶችና በጥርስ ክሊኒክ ለሚሠሩ ሁሉ ነው። አስታማሚዎችም ብታነቡት ይጠቅማችኋል። የሚጥል በሽታ አለብኝ ያለን ታካሚ «እኛ ጋ አይሠራም፣ ትልቅ ሆስፒታል ሂድ» ብሎ መመለስ የተለመደ ሆኗል። ልክ አይደለም። በሽታው በመድኃኒት ጸጥ ያለለት ሰው በተራ ክሊኒክ ጥርሱን መነቀል፣ መሞላትም ሆነ መታጠብ ይችላል። ዋናው ሥራ ያለው አፍ ከመከፈቱ በፊት ነው። በደንብ ከጠየቃችሁና ቀጠሮውን አስባችሁ ካወጣችሁ፣ ወንበሩ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር የሚገጥማችሁ አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

መጀመሪያ፦ ለብቻ ጠይቁ

ካርድ ክፍል ላይ፣ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ «ሌላ በሽታ አለብህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱ «የለም» ነው። ሥራውን ሊያጣበት፣ ትዳሩ ሊበላሽበት ይችላል። ስለዚህ ይህ ጥያቄ በሩ ተዘግቶ ነው መጠየቅ ያለበት። አጠያየቁም ለውጥ አለው። «የሚጥል በሽታ አለብዎት?» ከማለት ይልቅ «ራስዎን ስተው ወድቀው ያውቃሉ? በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ሰው ሲያናግርዎት ለአፍታ ፍዝዝ ብለው የሚቀሩበት ጊዜስ?» ብትሉ መልሱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ፍዝዝ የማለቱን ጥያቄ አትዝለሉት። የሚጥል በሽታ ማለት መሬት ላይ ወድቆ መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑን አፍጥጦ ይቀራል፣ አንዳንዱ ከንፈሩን ያላምጣል ወይም ልብሱን ይነካካል፣ አንዳንዱን አንድ እጁ ብቻ ይንቀጠቀጥበታል።

አለብኝ ካለ የሚከተሉትን ጠይቃችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ። መጨረሻ የጣለው መቼ ነው? በወር ስንት ጊዜ ይነሳበታል? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ከመነሳቱ በፊት የሚታወቀው ምልክት አለ ወይ? ብዙ ሰው አለው። ሆዴን ባር ባር ይለኛል የሚል አለ፣ የሌለ ሽታ ይሸተኛል የሚል አለ፣ እጄን ይነዝረኛል የሚልም አለ። ይህን ምልክት ካወቃችሁ «እሱ ስሜት ሲመጣ እጅዎን ያንሱልኝ» ብላችሁ መስማማት ትችላላችሁ። መሣሪያውን ከአፍ ለማውጣት በቂ ጊዜ የምታገኙት በዚህች ምልክት ነው።

ሲጥለው ምን እንደሚመስል ግን ታካሚው አያውቅም፣ አላየውም። እሱን የሚነግራችሁ አስታማሚው ነው። እናቱን ወይም ባለቤቱን አስገብታችሁ ጠይቁ፣ ታካሚው እሺ ካለ።

በሳምንቱ ውስጥ የጣለው ከሆነ፣ ወይም ከወትሮው በላይ እየበዛበት ከሆነ፣ የማያስቸኩለውን ሥራ ሁሉ አቆዩት። መጀመሪያ መድኃኒቱን ወደሚያዝለት ሐኪም ላኩት። ፊቱ ካበጠ ወይም ሌሊቱን ካላስተኛው ግን ማቆየት አይቻልም። ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ራሳቸው በሽታውን ይቀሰቅሳሉ። እንዲህ ያለውን ሰው በስልክ ተነጋግራችሁ፣ ሰው አስይዛችሁ፣ ኦክስጅንና መድኃኒት ወዳለበት ሆስፒታል ላኩት። ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ብቻውን ሪፈር አይባልም።

መድኃኒቱን በዓይናችሁ እዩት

«ነጭ ክኒን ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። ፓኬቱን ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። አገራችን ውስጥ ጤና ጣቢያ ላይ በብዛት የሚሰጠው ፊኖባርቢታል ነው። ከዚያ ፊኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ሶዲየም ቫልፕሮኤት ይመጣሉ። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌቬቲራሴታም ወይም ላሞትሪጂን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። እያንዳንዱ ለጥርስ ሐኪም የሚለው ነገር አለ።

ፊኒቶይን ድድ ያሳብጣል። በዚህ ላይ ብዙ ስለምለው ወደ ታች አቆየዋለሁ።

ቫልፕሮኤት የደም ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ሕዋስ) ሊቀንስ፣ ያለውንም ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላል። ጥርስ ከመንቀላችሁ ወይም ድድ ከመቁረጣችሁ በፊት የደም ምርመራ እዘዙ። ሲቢሲ የሚባለው የደም ሕዋሳት ቆጠራ በብዙ ላቦራቶሪ አለ። «ጥርስ ስትቦርሽ ድድህ ይደማል? ሳትመታ ሰውነትህ ይበልዛል?» ብላችሁም ጠይቁ።

ካርባማዜፒን የሚወስድ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ለፊት ነርቭ ሕመምም ይታዘዛል። ስለዚህ ለምን እንደሚወስደው ጠይቁ እንጂ አትገምቱ። አፍ ያደርቃል፣ ነጭ የደም ሕዋስንም ሊቀንስ ይችላል። ቁስሉ አልድን ያለ ወይም አፉ ውስጥ ቁስለት የሚደጋገምበት ታካሚ ካያችሁ ይህን አስታውሱ።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለች፦ «መድኃኒቱን መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው?» ትናንት ማታ ከሆነ ጥሩ። «ካለቀብኝ ቆየ» ወይም «ጠበል እየተጠመቅኩ ስለሆነ አቁሜዋለሁ» ካለ በዚያ ቀን መቦርቦሪያ አታንሱ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት፣ በተለይ ፊኖባርቢታል፣ ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። እምነቱን አትንኩበት። ጠበሉን እየተጠመቀ መድኃኒቱንም መዋጥ እንደሚችል ንገሩት፣ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገርም ምከሩት። ከተቆጣችሁት ግን ሁለተኛ አይመጣም።

ቀጠሮውን በጠዋት

ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው። ተኝቶ የተነሳ፣ ቁርሱን የበላ፣ ክኒኑን የዋጠ፣ ገና ያልደከመ። ቀጠሮው አጭር ይሁን። ሦስት ጥርስ በአንድ ቀን ሞልቶ ለመገላገል አትሞክሩ።

የጾም ወቅት ከሆነ አስቡበት። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው አለ፣ በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ። ባዶ ሆድ፣ የተዛነፈ መድኃኒት፣ በዚያ ላይ የጥርስ ሐኪም ፍርሃት አንድ ላይ መገጣጠም የለባቸውም። የሚቆይ ሥራ ከሆነ ከጾሙ በኋላ ቀጥሩት። የማይቆይ ከሆነ የታመመ ሰው በሁለቱም እምነት ከጾም ፈቃድ እንደሚያገኝ አስታውሱት። ማታ ጫት ቅሞ ያደረ፣ ወይም ጠጥቶ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ከመጣም ያው ነው፣ ሌላ ቀን ይምጣ። ይህን ሲነግራችሁ ፊታችሁን አታክፉበት፣ እውነቱን መናገሩ ትልቅ ነገር ነው።

አስታማሚ ይዞ እንዲመጣ ቀድማችሁ ንገሩት። ብቻውን መኪና እየነዳ ወይም ሞተር እያሽከረከረ መመለስ የለበትም።

ወንበሩን ማዘጋጀት

የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው አስወልቁት። የራሱ መነጽር፣ ሻርፕ፣ የአንገት ሐብልም ይውለቅ። የመሣሪያ ትሪውን ከደረቱ ላይ አንሱና ከኋላ ወይም ከጎን፣ እጁ ከማይደርስበት አስቀምጡት። ብዙ ክሊኒክ ውስጥ ትሪው ከወንበሩ ጋር የተያያዘ ነው፣ ቢያንስ በአንድ እጅ ተገፍቶ ዘወር የሚል መሆኑን ቀድማችሁ ፈትሹ።

መብራቱን ከአገጭ በታች አብርታችሁ ወደ አፍ አምጡት፣ ከግንባር ወደ ታች አታውርዱት። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚቀሰቅስባቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ግን የፀሐይ መነጽር ማድረግ ምንም ስለማያስወጣ ለሁሉም አድርጉላቸው። አምፖሉ የሚርገበገብ ከሆነ አስቀይሩት።

አፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር ሁሉ ክር ይታሰርለት። የአፍ መክፈቻ ጎማው፣ የራበር ዳም (ጥርሱን ከምራቅ የሚለየው የጎማ ሽፋን) መቆንጠጫው፣ ጥጡም ጭምር። ክሩ ከአፍ ውጭ ይንጠልጠል። ድንገት ካንቀጠቀጠው ክሩን ስባችሁ ታወጡታላችሁ፣ ጣታችሁን ወደ ውስጥ መስደድ አይኖርባችሁም። ሰክሽኑ (ምራቅና ደም የሚስበው መሣሪያ) የሚሠራ፣ የኦክስጅኑ ሲሊንደር ባዶ ያልሆነ መሆኑን ታካሚው ሳይቀመጥ እዩ።

ማደንዘዣ

አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን ይቻላል ወይ ብላችሁ የምትጨነቁ፣ ይቻላል። አደጋው ያለው መጠን ሲያልፍና ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ነው። የበዛ ማደንዘዣ ጤነኛውንም ሰው ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ከመግፋታችሁ በፊት ሳብ አድርጋችሁ ደም አለመኖሩን እዩ፣ ቀስ ብላችሁም ስጡ።

ለልጆች ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሥሩ። 2 በመቶ የሆነው ሊዶኬይን አንድ 1.8 ሚሊ ሊትር ካርትሬጅ (የማደንዘዣ ብልቃጥ) ውስጥ 36 ሚሊግራም አለ። በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ብለን ብንይዝ 15 ኪሎ የሆነ ልጅ ጣሪያው 66 ሚሊግራም ነው። ሁለት ሙሉ ካርትሬጅ 72 ይሆናል፣ አለፈ ማለት ነው። በየቀኑ የምናያቸው ልጆች ክብደት ይኸው ስለሆነ ሚዛን ክሊኒካችሁ ውስጥ ይኑር።

ሕመም እንዳይሰማው ማድረግ እዚህ ጋ ምቾት ብቻ አይደለም። በደንብ ሳይደነዝዝ አትጀምሩ።

ወንበሩ ላይ ቢነሳበት

ሥራውን አቁሙ። አፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጡ፣ መጀመሪያ መቦርቦሪያውን። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጋችሁ አስተኙት። ትሪውን ግፉ። ሰዓት እዩ። ይህን የሰዓቱን ነገር ለአንድ ሰው ስጡት፣ ምክንያቱም በድንጋጤ አንድ ደቂቃ አሥር ይመስላል።

ከዚያ ብዙ ነገር አታድርጉ። እጅና እግሩን ጨምድዳችሁ አትያዙ፣ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። እንዳይወድቅ በሁለቱም ጎን ቆማችሁ ጠብቁት፣ ጭንቅላቱን በእጃችሁ ደገፍ አድርጉ። ወደ ጎን አዙሩት፣ ምራቁና ደሙ ወደ ውጭ እንዲፈስ። ሰክሽኑን በጉንጩና በጥርሱ መሃል ብቻ አስገቡ። ጥርሱን ለማላቀቅ ማንኪያ፣ እንጨት፣ ጣት፣ ምንም ነገር አታስገቡ። ምላሱን አይውጠውም። ይነክሰው ይሆናል፣ የተነከሰ ምላስ ይድናል፣ የተሰበረ ጥርስ ወደ ሳንባ ከገባ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ሰው በሩ ላይ ይቁም። ይህ አስፈላጊ ነው። መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጩኸት ከተሰማ ክብሪት ጭሮ ሊያሸትት የሚሮጥ ሰው አይጠፋም። ሽንኩርት የሚልም አለ፣ ቁልፍ እጁ ላይ ላስጨብጠው የሚልም አለ። ለመርዳት አስበው ነው፣ ግን ጭስ ለመተንፈስ የሚታገል ሰው አፍንጫ ላይ መያዝ ይጎዳዋል። «አመሰግናለሁ፣ ሐኪሙ ይዞታል» ብሎ በእርጋታ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ከሠራተኞቻችሁ መሃልም አረፋው ይጋባል ብሎ ለመንካት የሚፈራ ካለ ቀድማችሁ አስረዱት። የሚጥል በሽታ በአረፋም በትንፋሽም አይተላለፍም። ጓንት የምናደርገው ለማንኛውም ታካሚ ነው።

አብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ራሱ ይቆማል። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው፣ አስቸኳይ ነው። ኦክስጅን ስጡ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ። ዲያዜፓም ካላችሁና መስጠት የሠለጠነ ሰው ካለ ጊዜው አሁን ነው። ለአዋቂ 10 ሚሊግራም በደም ሥር፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን እያዩ። ለትንሽ ልጅ ደም ሥር ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፣ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም፣ እስከ 10 ሚሊግራም ድረስ፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ በፊንጢጣ ይሰጣል። የደም ስኳሩንም ለኩ። በሽታው እንደሌለበት የምታውቁት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ካንቀጠቀጠው ደግሞ 5 ደቂቃ ሳትጠብቁ ላኩት።

ሲቆም ሰውየው ወዲያው ራሱን አያውቅም። ግራ ይገባዋል፣ ይተኛል፣ አንዳንዱ ይናደዳል። ሽንት አምልጦት ሊሆን ይችላል። ሰው ሳይሰበሰብ በአስታማሚው ነጠላ ወይም በክሊኒኩ አንሶላ ሸፈን አድርጉት። ስሙን እየጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አናግሩት፦ «አይዞህ፣ ክሊኒክ ነህ፣ እናትህ እዚህ ናት።» ከዚያ አፉን እዩ። ምላሱን፣ ጉንጩን፣ ጥርሶቹን ቁጠሩ። የጎደለ ጥርስ ወይም ስባሪ ወለሉ ላይም ልብሱ ላይም ካልተገኘ የደረት ራጅ ይነሳ። የዚያን ቀን ሥራውን አትቀጥሉ። የተከፈተ ጥርስ ካለ በጊዜያዊ መሙያ ድፈኑና ከአስታማሚው ጋር ሸኙት።

የምታዙት መድኃኒት

ብዙ ጥፋት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። ታካሚው በሰላም ተነቅሎ ይሄድና ማታ ቤቱ ይጥለዋል።

ትራማዶል አትዘዙ። በሽታው በቀላሉ እንዲነሳ ያደርጋል፣ ጤነኛውንም ቢሆን ሊያንቀጠቅጥ የሚችል መድኃኒት ነው። ታካሚው ከፋርማሲ በራሱ እንዳይገዛም ስሙን ጠርታችሁ አስጠንቅቁት። ለሕመም ፓራሲታሞል በልኩ፣ ለጥቂት ቀን ይበቃል። ቫልፕሮኤት ለሚወስድ ሰው አስፕሪን አይሰጥም፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የመድማቱን ነገር ስለሚያብሱ ቢቀሩ ይሻላል።

ካርባማዜፒን ለሚወስድ ሰው ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን አይሆኑም። መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይከማችና ሰውየው ይንገዳገዳል፣ አንዱን ሁለት ሆኖ ያየዋል፣ ያስመልሰዋል። አሞክሳሲሊን ችግር የለውም። ሜትሮኒዳዞል ግን ጥርስ ለተነቀለ ሁሉ እንደ ደንብ የምንጨምረው ልማድ አለን፣ ፊኒቶይንን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በእርግጥ ካላስፈለገ ተዉት። የአፍ ፈንገስ ካለበትም ፍሉኮናዞል ከፊኒቶይንና ከካርባማዜፒን ጋር ይጋጫል፣ ኒስታቲን ስጡት። ሲፕሮፍሎክሳሲንም ከማይሰጡት ወገን ነው።

ያበጠ ድድ

ፊኒቶይን የሚወስድ ወጣት አፉን ሸፍኖ ሲስቅ ታዩታላችሁ። ድዱ ከጥርሶቹ መሃል ይጀምርና፣ መጀመሪያ እንደ ትንሽ እብጠት ሆኖ፣ ቀስ በቀስ የፊት ጥርሱን ግማሽ ይሸፍነዋል። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ በሦስት ወር ገደማ ይታያል፣ በልጆችና በወጣቶች ይበዛል። መድኃኒቱን ከሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ሰዉ የማያውቀው ነገር፣ የእብጠቱ ክብደት ከጥርስ ንጽሕና ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ መቀስ አታንሱ። ጥርሱን በደንብ እጠቡለት፣ ለስላሳ ብሩሽ አስይዙት፣ ፊት ለፊታችሁ እንዲቦርሽ አድርጉና ብሩሹን 45 ዲግሪ አዘንብሎ በድዱና በጥርሱ መገናኛ ላይ እንዲያዞረው አሳዩት። መፋቂያ ብቻውን እዚህ ቦታ ላይ አይደርስም፣ ከብሩሹ ጋር ይጠቀምበት። ክሎርሄክሲዲን የተባለውን የአፍ መጉመጥመጫ ለሁለት ሳምንት ጨምሩለት። በወሩ ስታዩት መድማቱ ቀንሶ፣ ድዱ ቀይ ከመሆን ወደ ጤነኛ ቀለሙ ተመልሶ ታገኙታላችሁ። የቀረው ጠንካራ ሥጋ ከሆነ ያኔ ይቆረጣል። ካልቦረሸ ግን ተመልሶ ያድጋል፣ ይህን ሳይቆረጥ በፊት ይወቅ።

መድኃኒቱ ይቀየር ወይ? ሊቀየር ይችላል፣ የሚወስነው ግን የነርቭ ሐኪሙ ወይም የሚከታተለው የጤና ባለሙያ ነው። ደብዳቤ ጻፉለት። «ይህ መድኃኒት ነው ያበላሸህ» ብላችሁ ብቻ ከሸኛችሁት ማታውኑ ሊያቆመው ይችላል።

የጎደለ ጥርስ

በመውደቅ ብዛት የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ብዙ ነው። የሚወልቅ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ርካሽ ቢሆንም በሚጥልበት ሰዓት ተሰብሮ ወይም ተነቅሎ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። አቅሙ ከፈቀደ የማይነቀል ድልድይ ይሻላል፣ የኋላ መንጋጋ ላይ የሚሠራው ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ደግሞ የሚያኝክበት ገጹ ብረት ቢሆን። የሚወልቅ ከመሆን ሌላ ምርጫ ከሌለ የብረት መሠረት ያለው ይሁን፣ ቢሰበርና ቢዋጥ ራጅ ላይ ይታያል።

አስታማሚዎች ይህን ያዙ። ሲወድቅ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ቢወልቅ ሥሩን ሳትነኩ ነጩን ክፍል ይዛችሁ አንሱት፣ በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ አድርጋችሁ ወተት ውስጥ ክተቱት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥርስ ሐኪም ጋ ድረሱ። ገና ራሱን ያላወቀ ሰው አፍ ውስጥ መልሳችሁ አታስገቡት። የወተት ጥርስ ከሆነ አይመለስም።

ሽሮፕ የሚወስዱ ልጆች ሌላ ችግር አለባቸው። ብዙው ሽሮፕ ስኳር አለው፣ ማታ ከተኙ በኋላ ከሆነ የሚሰጣቸው ጥርሳቸውን ይበላዋል። ሽሮፑ ይቅደም፣ መቦረሹ ይከተል፣ ከዚያ ይተኛ።

ቀጣዩን ቀጠሮ ስታወጡ መድኃኒቱን የሚያሳድስበትን ቀን ጠይቁት። ብዙ ሰው በየወሩ ከሩቅ ተሳፍሮ ነው ለዚያች ክኒን የሚመጣው። ጥርሱንም በዚያው ቀን፣ ክኒኑን ተቀብሎ ከዋጠ በኋላ ካያችሁለት አንድ ጉዞ ትቆጥቡለታላችሁ፣ እናንተም መድኃኒቱ አለማለቁን በዓይናችሁ ታያላችሁ።